ጋሽ እስቲና የተዛወረው ፌርማታ

ባለቤቴን ሰፈሩ «ጋሽ እስቲ» ይለዋል። ስሙን ያወጣሁለት እኔ አይደለሁም፤ ብጠየቅ ግን ከዚህ የተሻለ አላገኝም ነበር። ዝናብ ጣለ ቢሉት «እስቲ» ብሎ እጁን በመስኮት ያወጣል። ወተቱ ትኩስ ነው ቢሉት «እስቲ» ብሎ ያሸታል። ሐኪም መድኃኒት ቢያዝለት «እስቲ፣ እርስዎ ቢያምዎት ይኼን ይወስዱታል?» ብሎ ሐኪሙን አፋጦታል። እኔን ለጋብቻ ጠይቆኝ እሺ ያልኩት ቀን እንኳ ደስ በማለት ፈንታ ዓይኑን አጥብቦ «ለምን እሺ አልሽ?» ነው ያለኝ። ያን ዕለት ጥዬው ብሄድ ኖሮ ዛሬ ይኼን አልጽፍም ነበር።

ሥራው ነው እንዲህ ያደረገው ይላሉ። ዕድሜውን የጨረሰው በከተማ አውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪነት ነው። ሳይታሰብ አንዱ ፌርማታ ላይ ዘሎ ይገባና «ትኬት!» ይላል፤ ያን ጊዜ የከፈለውም ሰው ሳይቀር ኪሱን በድንጋጤ ይዳብሳል። እኔ ግን ሥራው አበላሸው የሚለውን አልቀበልም። እሱ ሲፈጠርም እንደዚያ ነው፤ ሥራው ፈልጎ አገኘው እንጂ። ጡረታ ሲወጣ አሁንስ ያርፋል፣ እኔም አርፋለሁ ብዬ ነበር። የት ላርፍ!

ቤታችን ከትምህርት ቤቱ በር ትይዩ ነው። የፊተኛዋ ክፍል የእኔ መስፊያ ናት። የስፌት መኪናዬ መስኮቱ ሥር ስላለች ቀና ባልኩ ቁጥር መንገዱን አየዋለሁ። ማዶ፣ የትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ፣ ፌርማታው ነበር፤ በጎበጠ ብረት ላይ የቆመች አንዲት ሰሌዳ ናት፣ መጠለያ የላት፣ አግዳሚ የላት። ልጆቹ ከአውቶቡስ ወርደው በቀጥታ ወደ በሩ ይገባሉ። ጠዋት ጠዋት የእነሱ ጫጫታ ካልተሰማኝ ሥራ የጀመርኩ አይመስለኝም።

ልጅ አልወለድንም። የእህቱን ልጅ ግን እናቷ ስትሞት፣ ገና የወተት ጥርሷን ሳትነቅል፣ አምጥተን አሳደግናት። እኔን «እማ»፣ እሱን «ጋሼ» ትላለች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ሰውዬው በዚህ ምድር ላይ ሳይመረምር ያመነው አንድ ሰው ቢኖር እሷን ነው። ከትምህርት ቤት አርፍዳ ስትመጣ የት እንደዋለች የምጠይቃት እኔ ነበርኩ። እሱ «ተያት እባክሽ፣ ይቺ ልጅ አትዋሽም» ብሎ ያስጥላታል። እሷም ይኼን ታውቅ ነበር። ጎረቤት ፊት «እኔ ከጋሼ ዘንድ ነፃ ትኬት አለኝ» እያለች ትኩራራበት ነበር።

ጡረታ በወጣ በዓመቱ ሰፈሩ የአካባቢው ምክር ቤት አባል አድርጎ መረጠው። ሰው ምን አስቦ እንደመረጠው አውቃለሁ፤ እኛን ከሚነዘንዘን እነሱን ይነዝንዝልን ብሎ ነው። ምክር ቤቱም የቁጥጥር ኮሚቴ ውስጥ መደበው። ኮሚቴው የሚከታተለው በየዓመቱ ለመንገድ የሚመደበውን በጀት ነው፤ የእግረኛ መንገዱን፣ የዜብራውን፣ የፌርማታውን፣ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታውን። ሕጉ ቀላል ነው። መጀመሪያ የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ሰው የሚበዛው የት እንደሆነ ያጠናል። ምክር ቤቱ በጥናቱ መሠረት በጀት ያጸድቃል። ከዚያ ይሠራል። ዓመቱ ሲዘጋ ያልተሠራበት በጀት ተመላሽ ይሆናል።

እሱ እንደገባ ያገኘው ግን ሌላ ነው። ዓመቱ ሊዘጋ ሲል በጀቱ እንዳይመለስ ተብሎ በጥድፊያ ይሠራል፤ ጥናቱ የሚጻፈው ከሥራው በኋላ ነው። ዜብራው ተቀብቶ ሲያልቅ «እዚህ ጋ እግረኛ ይበዛል» የሚል ጥናት ይወጣለታል። ባለቤቴ እሳት ጎረሰ። «ትኬቱ ከተወረደ በኋላ ይቆረጣል ወይ?» እያለ ስብሰባውን ሁሉ አመሰው። በመጨረሻ አንድ ደንብ አስጸደቀ፤ ጥናት በበጀት ዓመቱ የመጀመሪያ ወር ውስጥ ይካሄዳል፣ ከዚያ ወር ውጭ የተካሄደ ጥናት እንዳልተካሄደ ይቆጠራል፣ ምንም ዓይነት ምክንያት አይሰማም። ተጨበጨበለት። እኔም ኮራሁበትና ለምክር ቤት የሚለብሰው ግራጫ ኮት ሰፋሁለት።

ልጃችን የመንገድ ምህንድስና ተመርቃ በዚያው ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት በኮንትራት ተቀጠረች። ዓመቱን በደህና ከጨረሰች ቋሚ ትሆናለች ተብላለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ካገኘችው ደመወዝ ለእኔ ለስፌት መኪናዬ ሞተር ገዛችልኝ፤ «እግርሽ ይረፍ እማ» ብላ። ያን ቀን ሆዴ ባባ። እሱም መርቋታል፣ እዚያው ቆሜ ሰምቻለሁ።

በዚያው ዓመት የእኛ መንገድ ፕሮጀክት መጣ። መጠለያ ያለው ፌርማታ፣ ዜብራና ጉብታ ይሠራል ተባለ። እኛ የት እንደሚሠራ አልጠየቅንም። ትምህርት ቤት በር ላይ ካልሆነ የት ሊሆን ነው?

የሠሩት ታች፣ ኩርባው ላይ፣ ከሕንፃ መሣሪያ ጅምላ ሻጩ መደብር ፊት ለፊት ነው። መጠለያው ያምራል፣ አግዳሚው ያምራል፣ ዜብራው ነጭ በነጭ ነው። ከዚያ መጥተው የእኛን ጎባጣ ሰሌዳ ነቀሉና በመኪና ጭነው ሄዱ። አሁን ልጆቹ ኩርባው ላይ ይወርዱና የእግረኛ መንገድ በሌለበት ጠርዝ ጠርዙን ይዘው ወደ ላይ ይመጣሉ። አንድ ጠዋት አንዲት ሕፃን የቦርሳዋን ማንጠልጠያ የጭነት መኪና ቦጭቆት፣ ቦርሳዋን አቅፋ እያለቀሰች መጣች። እኔ ነኝ የሰፋሁላት። መርፌው ሁለት ጊዜ ወጋኝ።

«እስቲ!» አለ ባለቤቴ ያን ዕለት። ያቺን «እስቲ» አውቃታለሁ። ቀልድ የሌለባት ናት።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን የምርመራ ክፍል ሆነ። ለመጠለያው ሲሚንቶ ያመላለሰው የጅምላ ሻጩ መኪና ነው። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ከጅምላ ሻጩ ጋር ተቃቅፎ ሲሳሳም ታይቷል። ኃላፊው በረንዳውን አዲስ ሴራሚክ አልብሷል። «ሴራሚክ የሚሸጠው ማነው?» ይለኛል ሻዩን እያማሰለ። «አንተ ሰውዬ፣ ከተማው ውስጥ ሴራሚክ የሚሸጥ ሌላ የለም?» እለዋለሁ። «እሱን ነው የምልሽ፣ ለምን ከሌላ አልገዛም?» ያን ጊዜ ሞተሩን እረግጠዋለሁ። ድርርር ሲል ድምፁ ይዋጣል። ከሞተሩ ጥቅሞች አንዱ ይኼ ነበር።

ልጅቷ ግን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ማዕድ ላይ ዝም ማለት አበዛች። ዳቦዋን ትቆርሳለች፣ ትቆርሳለች፣ አትበላውም።

«ኩርባውን ያጠናው ማነው?» አላት አንድ ማታ።

«ከእኛ ቢሮ ነው ጋሼ።»

«ቢሮ እግር የለውም። ማነው የሄደው?»

«ሪፖርቱ ምክር ቤት አለ እኮ፣» አለችና ተነስታ ሳህን ማጠብ ጀመረች። ሳህኑ የታጠበ ነበር።

እሱ ጀርባዋን ትክ ብሎ አየው። ያን አስተያየት አውቶቡስ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ በእሷ ላይ ግን አይቼው አላውቅም።

በነጋታው መሸፈኛ ጨርቁን ገልጦ ሞተሩን ጎንበስ ብሎ ሲያየው አገኘሁት። «ስንት ነው ያወጣችበት?» አለኝ።

«ስጦታ ዋጋው ይጠየቃል?»

«ከመጀመሪያ ደመወዝ የሚገዛ ነው ወይ ነው የምለው። ሌላ ምንም አላልኩም።»

«ሌላ ምን ቀረህና ትላለህ!» ብዬ ጨርቁን ከእጁ መነጨቅሁት። እሱ ግን ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። የት እንደሄደ የሰማሁት ኋላ ነው። ሞተሩ የተገዛበት ሱቅ ሄዶ፣ ማን እንደገዛው፣ ማን እንደከፈለ፣ ደረሰኙ በማን ስም እንደተቆረጠ ጠይቋል። ባለሱቁ ደግሞ ሆዱ ነገር አይችልም፤ ልጅቷ ስታልፍ ጠርቶ «አጎትሽ ደረሰኝ ጠይቆ ሄደ፣ ሰላም ነው?» ብሏታል። እሷ ለእኔ አልነገረችኝም። ያን ሳምንት ሁሉ እንደወትሮዋ ጉንጬን እየሳመች ወጣች፣ እየሳመች ገባች።

ምክር ቤቱ ስለ ፌርማታው ልዩ ስብሰባ ጠራ። የጠየቀው ባለቤቴ ነው። ጥናቱን የሠራው ሰው በአደባባይ እንዲጠየቅ፣ ጥፋት ከተገኘበት ከሥራ ታግዶ እንዲመረመር ሐሳብ አቅርቧል። ኮንትራት ላይ ላለ ሰው መታገድ ማለት መባረር ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ በዚህ ሥራ ማንም አይቀጥረውም። ያን ጠዋት ኮቱን እየቦረሽኩለት «እሷ ብትሆንስ?» አልኩት።

ኮቱን ከእጄ ተቀብሎ ለበሰ። «ብትሆንም ትጠየቃለች። ተቆጣጣሪ ዘመድ የለውም።»

አብሬው ሄድኩ። አዳራሹ ግጥም ብሎ ሞልቷል፤ ወላጆች በላስቲክ ወንበር፣ የምክር ቤት አባላት ፊት ለፊት፣ ጅምላ ሻጩ በር አጠገብ ቁልፉን እያሽከረከረ ቆሟል። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ከሠራተኞቹ ጋር ጥግ ተቀምጦ ጫማውን ያያል። አፈ ጉባኤው ሲናገር ማይክራፎኑ ያፏጫል፣ ሰው ይስቃል፣ እሱም ይቆጣል።

«ጥናቱን ያካሄደው ባለሙያ ይነሳ፣» አለ ባለቤቴ።

ልጄ ተነሳች።

አዳራሹ ተንሾካሾከ፤ ማን መሆኗን የማያውቅ የለም። የባለቤቴ አንገት ደም ሥር ተገተረ። እውነቱን ልናገር፣ እዚያ ላይ የሚያቆም መስሎኝ ነበር። አላቆመም።

«ኩርባው ላይ እንድታጠኚ ማን አዘዘሽ?»

«ማንም አላዘዘኝም። ሁለቱንም ቦታ ነው ያጠናሁት።»

«ኩርባው ላይ ሰው ነበር?»

«ብዙ። የቀን ሠራተኞች ሥራ የሚጠብቁት እዚያ ነው፤ ሸማችም አለ።»

«ትምህርት ቤቱ በር ላይስ?»

«ሰው አልነበረም። አንድ ዘበኛ ብቻ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ወላጅ ከኋላ «ልጆቻችን በመስኮት ነው የሚገቡት?» ብሎ ጮኸ። ባለቤቴ እጁን ዘርግቶ ወደ ሰዉ ዞረ። «ሰማችሁ? የትምህርት ቤት በር፣ ሰው የለውም! ይኼን የሚያህል ውሸት ሲጻፍ በነፃ ነው የሚጻፈው? ለምን እንዲህ ሆነ? መልሺ!»

ቀና ብላ ያየችው እሱን አይደለም፣ እኔን ነው። አፏን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው። ጥፋተኛ ሰው እንዲያ አያይም። እንዲያ የሚያይ፣ ነገሩን እያወቀ ለሌላ ሰው ብሎ የዋጠ ነው።

ያኔ ነው የታወሰኝ። ለጥናቱ ሰው የምትቆጥርበት ሰሞን፣ በዚያ በዝናቡ፣ ጃንጥላዋን በራፍ ላይ ጥላ ውሃ ልትጠጣ ትገባ ነበር። የምትቀመጥበት አታገኝም። ወንበሩም አልጋውም ወለሉም በሰማያዊ ጨርቅ ተሸፍኗል፤ ዩኒፎርም። እኔ ዩኒፎርም የምሰፋው መቼ ነው? ትምህርት ቤት ሲዘጋ አይደለም?

ተነሳሁ። አፈ ጉባኤው «እናቴ፣ ነዋሪ በዚህ ስብሰባ ያዳምጣል እንጂ አይናገርም» አለኝ።

«ልጄ በአደባባይ እየተሰቀለች ምኑን ነው የማዳምጠው?» አልኩ። ድምፄ ያለ ማይክራፎን በረንዳው ድረስ ተሰማ። «ስትቆጥር ትምህርት ቤቱ ዝግ ነበር! ዩኒፎርሙን እየሰፋሁ ነበር። ከዚህ ውስጥ ያን ሰሞን ለልጁ ያላሰፋ ማነው? በተዘጋ በር ማን እንዲገባ ነው የፈለጋችሁት?»

ሳቁ ቀጥ አለ። እናቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ባለቤቴ ግን መለስ አላለም፤ ጭራሽ ብርሃን ያገኘ መሰለው። «ይኸው! ዝግ መሆኑን እያወቀች ቆጠረች! እስቲ፣ ለምን ትምህርት ቤቱ እስኪከፈት አልጠበቅሽም? ለምንስ ዝም አልሽ?»

«ዝም አላልኩም፣» አለች ልጅቷ። «ያን ጊዜውኑ ትምህርት ሲከፈት ይደገም ብዬ አመልክቻለሁ። ከበጀት ዓመቱ የመጀመሪያ ወር ውጭ የተካሄደ ጥናት አይቆጠርም፣ ምክንያትም አይሰማም ተባልኩ። ደንቡን ያወጡት ሰው ከፈቀዱ ግን ይቻላል ሲሉኝ፣ ያወጡትን ሰው ጠየቅኋቸው።»

«ምን አሉሽ?» አለ አፈ ጉባኤው።

«ዛሬ አንድ ወር ብንጨምር ነገ ዓመት ይሆናል፣ እንዲህ እያለ ነው ሌባ የሚገባው አሉኝ። የተከበሩ አባል፣ ለእርስዎ ነው የነገርኩት። እራት ላይ።»

በቤታችን እንዲያ ስታናግረው ሰምቼ አላውቅም። እሱ እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ሲታወሰው አየሁት፤ ፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ወጣ። እኔም ታወሰኝ፤ ያን ማታ ቁልፍ እየተከልኩ ስለነበር የሰማሁት ግማሹን ብቻ ነው። በምክር ቤቱ ሁሉ ፊት «ጥፋቱ የአጎቴ ነው» ከምትል እንጀራዋን ልታጣ ነበር የመረጠችው፤ ይኼ አንጀቴን በላው።

ባለቤቴ ወንበሩን በእጁ እየፈለገ ተቀመጠ። «ሐሳቤን አንስቻለሁ» አለ። ማይክራፎኑ አፏጨ፤ ማንም አልሳቀም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ልጅቷ አልታገደችም፤ እንዲያውም ቋሚ ሆነች። ደንቡ ተሻሻለ፤ ጥናቱ ትምህርት ቤት ክፍት ሳለ እንዲሆን። ፌርማታው ግን ዛሬም ኩርባው ላይ ነው። የዘንድሮው በጀት አልቋል፣ አዲሱ ጥናት የሚጠበቀው ለሚቀጥለው ነው። ልጆቹ እስከዚያ በጠርዙ ይመጣሉ፣ እኔም ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ላይ ቆሜ ሁሉም መግባታቸውን ሳላይ መኪናዬን አልነካም። ኃላፊውንም ቢሆን አልለቀቅሁትም። ባዶ በር መቆጠሩን እያወቀ ዓመት ሙሉ ለምክር ቤቱ ትንፍሽ አላለም። ለምን? ሴራሚኩስ ከየት መጣ? አያችሁ፣ በሽታው ይጋባል።

ልጄ ወጥታ ቤት ተከራየች። «ለሥራ ይቀርበኛል» አለች። ጽሕፈት ቤቱ ከእኛ ቤት በእግር የሚደረስ ነው። እሱ ስትወጣ ሻንጣዋን እስከ በር ተሸከመላት፤ አንድም ነገር አልጠየቃትም። ለእኔ ግን ለብቻችን ስንሆን «ለምን ቀድማ አልነገረችኝም?» አለኝ። «ነግራሃለች እኮ፣ አላመንካትም እንጂ» አልኩት። ሻዩ እስኪበርድ ሲያማስለው ቆየ።

ባለፈው እሑድ መጣች። ደስ ብሎኝ የምይዘውን የምጨብጠውን አጣሁ። ለእኔ ጥሩ የጨርቅ መቀስ ይዛልኝ መጥታለች፤ ከባድ፣ የሚያብረቀርቅ። እሱ ከወንበሩ ብድግ ብሎ «እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ» አለና ሳማት። ዓይኑ መቀሱን አላየም፤ እንዳያይ ሲጠነቀቅ አየሁት። የሳቅን የተጫወትን ይመስለኛል፣ ዳቦ ቆረስን፣ ሾርባው ጨው በዛበት ተባልኩ።

ከዚያ ቦርሳዋን ከፈተች። ደረሰኝ አወጣች፤ የመቀሱን። አጣጥፋው ነበር፤ ዘረጋችው፣ በመዳፏ ዳመጠችው፣ እሱ ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ክፋት የለባትም፣ ፊቷ ላይ ቂም አልነበረም። ተቆጣጣሪ ሲገባ ሳይጠየቅ ትኬቱን እንደሚያወጣ ተሳፋሪ ነበረች።

እሱ ሁለት እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ወረቀቱን ሳይነካ አየው። «መልሺው ልጄ፣» አለ በመጨረሻ፣ «አልጠየቅኩሽም እኮ።»

«ግዴለም ጋሼ፣» አለችው ሾርባዋን እየጠጣች፣ «እዚያው ይቀመጥ።»